እያሳሳቀ የሚወስድ

አበው «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» ብለዋል። አባባሉን የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰው ሲነገር ነው። በጣፋጭ አንደበቱ ቀርቦ ጓዳችንን ስለሚያራቁት ወዳጅ፣ በትንሽ በትንሹ ተወስዶ ቤት ስለሚያፈርስ ብድር እንናገርበታለን። እስቲ ለአንድ ጊዜ ምሳሌነቱን ትተን ቃሉን እንደ ወረደ እንመልከተው። አባባሉ ውሃ እያስፈራራ ይወስዳል አይልም፤ እያገሳ፣ እየደነፋ ይወስዳል አይልም። እያሳሳቀ ነው የሚለው። ይህን ቃል መጀመሪያ የተናገረው ሰው ወንዝ ዳር የኖረ፣ እየሳቀ ወደ ውሃ የገባ ጓደኛውን ያጣ ሰው መሆን አለበት ብዬ አስባለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣ የፈለግሁት ወደ ውሃ ለጨዋታና ለጀብዱ ስለገቡ ሰዎች ነው። ዓሣ ሊያሰግሩ፣ ከብት ሊያሻግሩ ወይም ወደ ገበያ ሊሄዱ ሳይሆን፣ ውሃው ስላለ ብቻ ሊፈታተኑት የገቡ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ከሞት አፍ ተርፈው የሚያስቅ ወግ ይዘው ተመለሱ፤ አንዳንዶቹ አልተመለሱም። ታሪካቸውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ባነበብሁ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር ነው፤ ሞት የጠበቃቸው በፈሩት ቦታ አለመሆኑ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።)

ስለ ውሃ ጨዋታ የሚጽፍ ሰው ገርጂ ተቀምጦ መጻፉ ራሱ ሳያስቅ አይቀርም። ቦሌና አካባቢው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠ፣ ባሕር የሌለው አገር ዋና ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል ነው። የእኛ ውሃ ከቧንቧ የሚጠበቅ፣ በበርሜል የሚጠራቀም ውሃ ነው። ይሁን እንጂ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ጀልባውን እንደ ብርድ ልብስ አጣጥፎ፣ መቅዘፊያውን ከሻንጣው ጋር አስሮ የሚመጣ እንግዳ በአብዛኛው ወደ አባይ፣ ወደ ኦሞ ወይም ወደ ባሮ የሚያልፈው በዚሁ በቦሌ በር ነው። የሰፈራችን ሰው ደግሞ ቅዳሜ ሲመጣ መኪናውን አስነሥቶ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ላንጋኖ ይወርዳል። ስለዚህ ውሃ ባይኖረንም የውሃ ወሬ አጥተን አናውቅም።

ወደ ታሪኩ እንግባ። አባይ ከጣና ሲወጣ ከ1,780 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ወደ 500 ሜትር ወርዷል። ይህን ሁሉ ቁልቁለት የሚጨርሰው በጢስ ዓባይ ላይ 45 ሜትር ያህል ዘሎ፣ ከዚያም አንድ ሺህ ሜትርና ከዚያ በላይ በሚጠልቅ በረሃ ውስጥ ድንጋይ ለድንጋይ እየተላተመ ነው። በክረምት ደግሞ ከደጋው ሁሉ የሚወርደው ጎርፍ ይጨመርበታል። ይህን ወንዝ በጀልባ ልውረድ ማለት ደረጃ በፈረስ ልውረድ እንደ ማለት ነው።

ነገሩን በትልቁ ከሞከሩት አንዱ ዊሊያም ኖርዝረፕ ማክሚላን የተባለ ባለጸጋ አሜሪካዊ ነበር። ጊዜው 1903፣ ዘመኑ የዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። ማክሚላን ጀልባዎቹን ከብረት አሠርቶ፣ በጋማ ከብትና በግመል አስጭኖ ወደ ወንዙ አወረዳቸው። ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። ኖርዌያዊው ባልደረባው የሰን ከካርቱም ተነሥቶ ሽቅብ እየመጣ ከመንገድ ሊቀበለው ተስማምተው ነበር። ጀልባዎቹ ግን ውሃው ላይ ካረፉ በኋላ ብዙም ሳይጓዙ ከድንጋይ ጋር ተላተሙ፤ ጉዞው ገና ከመጀመሩ አበቃ። ማክሚላን ከሞት ተርፎ ወደ ኬንያ ሄደና እዚያው ኖረ፤ በናይሮቢ በስሙ የተሰየመ ቤተ መጻሕፍት ዛሬም አለ። በ1925 ሲሞት ተራራ ጫፍ ላይ ቅበሩኝ ብሎ ነበር ይባላል። አስከሬኑን የጫነው ተሽከርካሪ ግን ዳገቱ ላይ አቅም አንሶት ከተራራው ወገብ ላይ ተቀበረ። በሕይወቱ ወንዙን መውረድ፣ በሞቱ ተራራውን መውጣት ያልሆነለት ሰው!

ከእርሱ በኋላ የመጣው እንግሊዛዊው ቆንስል ሜጀር ቺዝማን ብልህ ነበር። ዳንግላ ተቀምጦ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአባይን ዳር ዳር በእግሩና በበቅሎ እየተጓዘ ካርታ አነሣ፤ ሥራውንም በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። ቺዝማን ወንዙን ያወቀው ባለመሳፈሩ ነው። አባይም እርሱን ያከበረው በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም።

ከጦርነቱ በኋላ ቀላልና የሚታጠፉ ጀልባዎች በዓለም ሲስፋፉ የስፖርት ሰዎች ዓይን እንደገና ወደ አባይ ዞረ። በ1962 ከስዊዘርላንድና ከፈረንሳይ የመጡ ሰዎች በታንኳ ወደ ሱዳን አቅጣጫ ወረዱ። የሚያስፈራውን ውሃ ሁሉ አልፈው፣ አዞውንም ጉማሬውንም ተሻግረው በሰፈሩበት ቦታ የጥይት እሩምታ ወረደባቸው። ሁለቱ ተገደሉ፤ የቀሩት በታንኳቸው አመለጡ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ያዳናቸው ሊገድላቸው ይችላል ብለው የፈሩት ወንዝ ነው። የገደላቸው ደግሞ ዕረፍት ይሆነናል ብለው የወጡበት የብስ ነው።

ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1965 አርኔ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ ብቻውን በአንዲት ትንሽ ጀልባ ከሸፈርታክ ድልድይ ተነሥቶ ሱዳን ገባ። ባለጸጋው በብረት ጀልባና በብዙ ሎሌ ያልቻለውን ስዊድናዊው በአንድ መቅዘፊያ ቻለው። ድሉ ግን እንደ ጠጅ ነው፤ አንድ ሲጠጡት ሁለተኛውን ያስመኛል። በዓመቱ ከአገሩ ልጅ ጋር ሆኖ ከሸፈርታክ በላይ ያለውን፣ ከጣና በታች የሚገኘውን ክፉ ገደል ሊደፍር ሲነሣ ውሃው ታንኳቸውን ነጠቃቸውና ሐሳባቸው ሳይሞላ ቀረ። ሁለቱም በሕይወት ተመለሱ። ከታሪኩ ሁሉ የሚያስቀኝ ይህ ነው፤ ወንዙ ሰዎቹን ትቶ ታንኳቸውን ብቻ መውሰዱ። እንደ ጨዋ ዘበኛ «መሣሪያችሁን አስቀምጡና ሂዱ» ያላቸው ይመስለኛል።

በ1968 የሆነው ግን ሳቁም ኀዘኑም የከፋ ነበር። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥያቄ የእንግሊዝ ጦር መኮንን የሆነው ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ወደ ሰባ የሚጠጉ ወታደሮችንና ተመራማሪዎችን አሰልፎ ወደ አባይ መጣ። የኢትዮጵያ ሰዎችም ከመካከላቸው ነበሩ። የመረጡት ወቅት ክረምት ነው፤ ውሃው ሲሞላ ድንጋዩ ይሸፈናል በሚል ሒሳብ። ለክፉው ገደል ያመጧቸው በአየር የሚነፉ የጎማ ጀልባዎች ነበሩ። እነዚህ ጀልባዎች ከድንጋይ ጋር ሲላተሙ እንደ ማክሚላን ብረት አይሰበሩም፤ እንደ ኳስ ይነጥራሉ። በዓለም ዙሪያ ዛሬ በጎማ ጀልባ ፈጣን ወንዝ ለሚወርደው ስፖርት ያ ጉዞ እንደ ትልቅ ፈር ቀዳጅ ይቆጠራል። ጀልባዎቹ ደጋግመው ተገለበጡ፤ ሰዎቹ ደጋግመው እየተንሳፈፉ ወጡ። ወግ የሚሆነው ይህ ነው።

ሞት የመጣው በሌላ በኩል ነው። ኢያን ማክሊዮድ የተባለው አሥር አለቃ የሞተው በታላቁ ወንዝ ላይ አይደለም፤ ጀልባ ላይም አልነበረም። ከጓደኞቹ ጋር በእግር እየተጓዘ ሳለ አባያ የሚባል ገባር ወንዝ መንገድ ዘጋባቸው። ገመድ ታጥቆ ለሌሎቹ መሻገሪያ ሊዘረጋ ዋኝቶ ሲሻገር ውሃው ያዘው። ጓደኛው ዘሎ ገብቶ ሊያድነው ታገለ፤ አልሆነም። ያ ሁሉ ሥልጠና፣ ያ ሁሉ ጀልባና ገመድ የተዘጋጀው ለአባይ ነበር። ወጣቱን የወሰደው ግን ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ገባር ነው። ከዚያም በኋላ ጓዶቹ ተኩስ ተከፈተባቸውና በሌሊት ጨለማ ያንኑ የሚፈራ ወንዝ መሸሸጊያ አድርገው አመለጡ። ዳግመኛ ውሃው አዳኝ፣ የብሱ ገዳይ ሆነ።

ከአራት ዓመት በኋላ በ1972 ማይክ ጆንስ የሚባል ወጣት እንግሊዛዊ ከጓደኞቹ ጋር በካያክ መጣ። ካያክ ማለት ሰው እንደ ሱሪ የሚታጠቀው ጠባብ ጀልባ ነው፤ ሲገለበጥ ባለቤቱ ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ከውሃ ሥር ሆኖ በመቅዘፊያው መልሶ ያቃናዋል። የአባይ አዞዎች እንዲህ ያለ ፍጥረት ከዚያ በፊት ብዙ አላዩም። ጆንስና ጓደኞቹ ከአዞም ከተኩስም ተርፈው ወጡ፤ በ1976 ደግሞ ከኤቨረስት ግርጌ የሚወርደውን የዱድ ኮሲን ወንዝ ወርደው ስማቸው በዓለም ተጠራ። በ1978 ግን ጆንስ በፓኪስታን በብራልዱ ወንዝ ላይ ሞተ። የሞተው አደጋ ላይ የወደቀ ጓደኛውን ሊያድን ሲሄድ ነው። አባይ ያሳለፈውን ሰው ደግነቱ ወሰደው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ከአባይ ወጣ ብለን ወደ ባሮ እንሻገር፤ ውሃ እያሳሳቀ ሲወስድ በግልጽ የታየው እዚያ ነውና። በ1966 ጋምቤላ ላይ የአሜሪካ ፒስ ኮር በጎ ፈቃደኛ የሆኑ ወጣቶች በሙቀት ቀን ባሮ ውስጥ ሊዋኙ ገቡ። የአገሬው ሰዎች አዞ እንዳለ አስጠንቅቀዋቸው ነበር። ባሮ በበጋ የሚያስፈራ ወንዝ አይደለም፤ ሰፊ፣ ዝግ ያለ፣ ከሙቀቱ የሚያሳርፍ ውሃ ነው። ከመካከላቸው አንዱን አዞ ወሰደው። አዞው በማግስቱ ተገድሎ ሆዱ ሲከፈት የተገኘውን እዚህ አልጽፈውም። ያንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅም ባያውቀው ይሻለዋል።

እነዚህ ወሬዎች በውሃ ስፖርተኞች ዘንድ እንደ ተረት ይወሩ ነበር። ስለዚህ በ1973 ሪቻርድ ባንግስና ጆን ዮስት የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ወጣቶች ኦሞን በጎማ ጀልባ ሊወርዱ ሲነሡ ለድርጅታቸው ስም የፈለጉት ከጥንታዊት ግብፅ አማልክት መካከል ነው። ሶቤክ አሉት። ሶቤክ አዞ ራስ ያለው አምላክ ነው። በስሙ ብንጠራ አዞዎቹ ይምሩናል ብለው መሆኑ ነው። የእኛ አገር ሰው ዛር ሲያባብል እንደሚያደርገው፣ የሚፈራውን በስሙ ጠርቶ ማቆላመጥ በሁሉም ዘንድ አለ ማለት ነው። ኦሞን በሰላም ወረዱ፤ ድርጅቱም ኋላ በዓለም ከታወቁት የጀብዱ ጉዞ አዘጋጆች አንዱ ሆነ። ሶቤክ የማይሰማበት ቦታ ግን ነበረ። በ1970ዎቹ አጋማሽ ባንግስና ጓደኞቹ የባሮን የላይኛውን ክፍል ሲሞክሩ ጀልባ ተገልብጦ አንድ ሰው ጠፋ። የጠፋው ከብዙ ቀን ድካም በኋላ፣ ከሁሉ በከፋው ፏፏቴ ላይ አይደለም። ጉዞው በተጀመረበት በመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ነው፤ ሁሉም ገና ደስታ ላይ ሳሉ።

ወደፊት ዘለል ብለን አንድ ልጨምር። ደቡብ አፍሪካዊው ሄንድሪ ኩትሲ በ2004 ነጭ አባይን ከምንጩ እስከ ባሕሩ በመውረድ የታወቀ ሰው ነው። በዚያው ዓመት ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን የእኛን አባይ ከምንጩ እስከ ሜዲትራኒያን በ114 ቀናት ጨርሰዋል። ኩትሲ በዓለም ከባድ ከሚባሉት ፏፏቴዎች አንድም አልገደለውም። በ2010 በኮንጎ በሉኩጋ ወንዝ ላይ ውሃው በተኛበት ቦታ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጎን ለጎን ሲቀዝፍ አዞ ከካያኩ ላይ ነጠቀው። ጓደኞቹ ሊረዱት ጊዜ አላገኙም።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እነዚህን ሁሉ ስንደረድራቸው የአበውን ቃል እያንዳንዳቸው ይመሰክራሉ። የሚያገሳ ውሃ ሰውን ያነቃዋል። ሰው ገመዱን ያጠብቃል፣ ጃኬቱን ይቆልፋል፣ ጓደኛውን በዓይኑ ይከተላል። የሚተኛ ውሃ ግን ትጥቁን ያስፈታዋል። ሞት የሚመጣው ትጥቅ ሲፈታ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል ከሞት ጋር መተያየት ሁልጊዜ የሚያስለቅስ እንዳልሆነ የሰፈሬ ሰዎች ያውቃሉ። ገርጂ ውስጥ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አንድ አዛውንት አሉ፤ ስማቸውን አልጠራም፤ ወጉን ግን ራሳቸው በየለቅሶ ቤቱ ስለሚያወሩት ምሥጢር አይደለም። ጋሼ ዋና አያውቁም። አንድ ፋሲካ ማግስት ልጆቻቸው ላንጋኖ ወስደዋቸው በተነፋ የመኪና ካላማዳሪያ ላይ አጋድመው ዳር ላይ አንሳፈፏቸው። የፋሲካ ቁርጥና ጠጅ ያደከመው ሰውነት፣ ለስለስ ያለ ነፋስ፣ ቀስ ብሎ የሚያወዛውዝ ውሃ ሲደመሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲነቁ ግራ ቀኙ ሁሉ ቡናማ ውሃ ነው፤ ልጆቻቸው በሩቁ እንደ ጉንዳን ይታያሉ። ላንጋኖ ደግሞ እንደ ሻይ የደፈረሰ ስለሆነ ጥልቀቱን ዓይን አይለየውም። ጋሼ መጀመሪያ ጮኹ። ሰሚ ሲያጡ ወደ ስለት ገቡ። ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተሳሉ። ነፋሱ አልቆም ሲል በግ ጨመሩ። ማዕበሉ ከፍ ሲል በጉን በወይፈን ቀየሩት። ወደ መሬት ሽያጭ ሊሻገሩ ሲሉ አንድ የዓሣ አስጋሪ ልጅ መረቡን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ እርሳቸው መጣ። የመጣው በእግሩ ነው። ውሃው ከወገቡ አላለፈም። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ይቁሙ እንጂ!» አላቸው።

ቤተሰቡ ሁሉ ሲስቅ የቀረው ጥያቄ ስለቱ ይሰጥ ወይስ አይሰጥ የሚለው ነበር። ልጆቻቸው አደጋ ስላልነበረ ስለትም የለም አሉ። ጋሼ ግን ታኅሣሥ 19 ደርሶ ቁልቢ ሲወርዱ ጃንጥላውንም በጉንም ወይፈኑንም ይዘው ወረዱ። ለምን ሲባሉ የሰጡት መልስ እኔ ካነበብኋቸው የፍልስፍና መጻሕፍት ከብዙዎቹ ይበልጥብኛል፤ «ሞቱ ባይኖር ፍርሃቱ ነበረ። ስለቱን የሰጠሁት ለፍርሃቱ ነው» አሉ።

እኚህን አዛውንት ሳስብ ሁልጊዜ ወደ አእምሮዬ የሚመጣው ቦሌን ያስለቀሰው የውሃ አደጋ ነው። ላንጋኖ ላይ ፍርሃቱ ነበረ፣ ሞቱ ግን አልነበረም። ኮሞሮስ ላይ ሁለቱም ነበሩ። ኅዳር 23 ቀን 1996 (በአውሮፓውያኑ ኖቬምበር ማለቴ ነው) ከቦሌ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች ጠለፉትና ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነግሯቸው አላመኑም። ነዳጁ አለቀ፤ ሞተሮቹ ጸጥ አሉ፤ ካፒቴኑ ኮክፒት ውስጥ እየታገላቸው ካለ ጠላፊ ጋር ሆነው አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ደሴት አንድ የመዝናኛ ሆቴል አጠገብ ውሃው ላይ አሳረፉት። ከ175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ።

ይህ ስፖርት አይደለም፤ ከዚህ ጽሑፍ ጋር ምን አገናኘው የሚል አንባቢ ይኖራል። ሁለት ነገር አገናኝቶታል። አንደኛው ከሞቱት መካከል ብዙዎች የሕይወት አድን ጃኬታቸውን አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር። ውሃው ሲገባ ጃኬቱ ወደ ጣሪያው አንሳፈፋቸውና ጠልቀው በሩን ማግኘት ተሳናቸው። ያዳነናል ብለው የታቀፉት ነገር ያዛቸው። ዛሬም ከቦሌ በሚነሣ በረራ ሁሉ አስተናጋጇ «ጃኬቱን ከአውሮፕላኑ ሳይወጡ አይንፉ» ስትል ብዙዎቻችን መጽሔት እናገላብጣለን ወይም ስልካችንን እንነካካለን። እኔ ግን ያንን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ቀና እላለሁ።

ሁለተኛው ደግሞ የተረፉትን ሊያወጡ ከሮጡት መካከል የደሴቲቱ ነዋሪዎችና በዚያ ቀን ለመዝናናት ባሕሩ ዳር የነበሩ ሰዎች መኖራቸው ነው። ጠላቂ ዋናተኞች ነበሩባቸው፤ ለዕረፍት የመጡ ሐኪሞችም ነበሩባቸው። ውሃን ለጨዋታ የለመዱ እጆች በዚያች ሰዓት የሰው ነፍስ ጎተቱ። የውሃ ስፖርተኛን «ሥራ ፈት» እያልን የምንስቅ ሰዎች ይህንን ማስታወስ ይገባናል። ጨዋታ የሚመስለው ነገር አንዳንዴ ለአንድ ክፉ ቀን የሚደረግ ልምምድ ነው።

እስካሁን የጠራኋቸው የወንዝ ሰዎች ሁሉ የባሕር ማዶ ሰዎች መሆናቸው አንባቢን ሳይከነክነው አይቀርም። እኔንም ይከነክነኛል። የአባይ ዳር ሰው ከሞት ጋር የተያየው አንድ ክረምት ብቻ አይደለም። ወይጦው በደንገል ታንኳ ጣና ላይ ማዕበል ሲያነሣው ኖሯል። የጎጃምና የበጌምድር ገበሬ በተነፋ የፍየል ቆዳ ላይ ተደፍቶ፣ ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ በረሃውን ሲሻገር ኖሯል። እርሱ ግን ጀብዱ አላለውም፤ ገበያ መሄድ ነው ያለው። መጽሐፍ አልጻፈበትም፤ ፊልም አልተነሣበትም። የሞተበትን ቦታ እናቱ ብቻ ታውቀዋለች። «የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን ተረት እኔ እንዲህም እሰማዋለሁ፤ የአባይ ልጅ የአባይ ታሪክ ጠማው።

በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራው ሰባራ ድልድይ የዚህ ምስክር ነው። ስሙ እንደሚናገረው መካከሉ ተቆርጧል። ወዲህና ወዲያ የቀሩት ግንቦች ላይ ጠንካራ ወንዶች ቆመው ገመድ ይዘረጋሉ። መንገደኛው ገመዱን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ከሥሩ የሚያገሳውን ውሃ እያየ በአየር ላይ ይጎተታል። ይህ ለሻጩ፣ ለለቅሶ ተቀባዩ፣ ለሙሽራው ሚዜ የተለመደ መንገድ ነበር። በ1999 ናሽናል ጂኦግራፊክ ባዘጋጀው ጉዞ አባይን በጎማ ጀልባ ከወረዱት መካከል ኔቫዳ ዊር የምትባል ፎቶግራፍ አንሺ ይህንን አየችና አነሣችው። ሥዕሉ በመጽሔቱ ሲወጣ ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ሥራ ተቋራጭ ዓይኑ አረፈበት፤ ገጹን ገልጦ ማለፍ አልቻለም። የድልድይ ሠሪ ማኅበር አቋቁሞ በ2002 ከአገሬው ሰው ጋር የተቆረጠውን ቀጠሉት። ኋላ ጎርፍ ሲወስደው ደግሞ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ። ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል።

ከመቶ ዓመት የአባይ ጀብዱ ውስጥ እኔ ከሁሉ የማከብረው ይህንን ነው። ሊጫወቱ የወረዱ ሰዎች ጨዋታ ያልሆነለትን ሰው ቀና ብለው አዩት። ያዩትም ሲያስቅ አልነበረም።

ዛሬ እነዚህ ታሪኮች የተፈጸሙባቸው ውሃዎች ብዙዎቹ የሉም። በ2009 ሥራ የጀመረው የተከዜ ግድብ፣ በ2016 የተመረቀው የኦሞው ጊቤ 3፣ በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ የየወንዞቹን ፈጣን ውሃ በከፊል ሐይቅ አድርገውታል። ጆንስን ያንገላታው፣ ሩቢንን ያሳለፈው የበረሃው የታችኛው ክፍል ዛሬ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ሊይዝ በሚችል የተኛ ውሃ ሥር ነው። የሚያገሳው ጸጥ ብሏል። ወደፊት በዚያ ሐይቅ ላይ ጀልባና መዝናኛ፣ ሳቅና ፎቶግራፍ መብዛቱ አይቀርም፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ነገር ግን የተኛ ውሃ ከሚያገሳው ይልቅ ብዙ እንደሚወስድ ታሪኩ ነግሮናል።

ይህንንም ለማወቅ እስከ ቤኒሻንጉል መሄድ አያስፈልገንም። ቅዳሜ ቅዳሜ የምንወርድባቸው የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። እንደ ላንጋኖ ቀስ እያሉ አይጠልቁም፤ ከዳሩ ጥቂት እርምጃ ሲርቁ መሬቱ ይከዳል። የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ይበልጣል። ከላይ ሲታዩ ግን መስታወት ናቸው፤ ወፍ ይዘምርባቸዋል፤ ሙሽሮች ፎቶ ይነሡባቸዋል። ከአዲስ አበባ የወረደ ዋና የማያውቅ ጎረምሳ በጓደኞቹ ሳቅ መካከል ልብሱን የሚያወልቀው እንዲህ ባለው ውሃ ፊት ነው።

አበው ውሃን አትቅረቡ አላሉም። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ነው የነገሩን። እኔም ከዚህ በላይ የምጨምረው የለኝም፤ ስንስቅ ከመካከላችን አንዱ ዓይኑን ከውሃው ላይ አያንሣ።

ቸር እንሰንብት።